ወይባ ክብ ያላቸው መርከቦች

እኔ ዓይኔን የከደንኩ ዕለት ይህች ልጅ ከማን ጋር ነው የምትበላው? ጥያቄው ከእኔ ጋር ይነሳል፣ ከእኔ ጋር ይተኛል።  ሌላው ሰው ስለ ጤናው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቦርከና ወንዝ ሙላት ይጨነቃል፤ እኔ የምጨነቀው ስለ ምሳ ነው።

ደብሪቱ የልጄ ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት ገና ጥርሷን አልነቀለችም ነበር፤ እኔው አሳደግኋት። ስሟ ለሚገርመው ሰው፣ በእኔ ልጅነት ደብሪቱ የባልቴት ስም ነበር። አሁን ባልቴቶቹ እኛ ነን፤ ሄመን፣ ሶልያና፣ ኤልዳና የምንባለው። ልጆቹ ደግሞ ደብሪቱ፣ አስካለ፣ ይርጋ ሆኑ። ዘመን እንዲህ ዞሮ ይገጥማል።

የምንኖረው ኮምቦልቻ ነው፣ ከወንዙ ማዶ ከተሠሩት ረጃጅም ሕንፃዎች ባንዱ። ሕንፃው ሰው ሞልቶታል፤ ድምፅ ግን የለውም። በየቤቱ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት ባልቴት አለች፤ አንዳንዱ ቤት እንደኛ አንድ ወጣት ይጨመርበታል። በየበሩ ላይ፣ ከደወሉ ከፍ ብሎ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ክብ መብራት ተተክላለች። ቀይ ስትሆን በቤቱ ያለው አረጋዊ ሌላ ሰው የለውም፣ ብቻውን ሊተው አይችልም ማለት ነው። ቢጫ ስትሆን እየተሞከረ ነው። አረንጓዴ ስትሆን ወገን አለው፤ አብሮት የሚኖረው ልጅ ወደፈለገበት መሄድ ይችላል። በሩ አረንጓዴ ያልሆነለት ልጅ ባቡር ጣቢያ ቢሄድ መግቢያው አይከፈትለትም።

ይህን የሚቆጣጠረው አብሮነት ቢሮ የሚባለው ነው። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ሲደወልላቸው በትሕትና ይመልሳሉ፣ ስም ጠርተው እንዴት አደሩ ይላሉ። ደንቡ የወጣው ሞተው የሰነበቱ ሽማግሌዎች በየቤቱ መገኘት ሲጀምሩ ነው። ያኔ እሰየው ካሉት አንዷ እኔ ነኝ፤ አሁንም ደንቡ ስህተት ነው ለማለት አልደፍርም።

ወገኑ ከየት ይመጣል ላለ፣ ከጨዋታው ነው። የእኔ ትውልድ ስልክ ላይ አቀርቅሮ ያደገ ትውልድ ነው። እናቶቻችን «ዓይናችሁ ይጠፋል» እያሉ ይቆጡን ነበር። ዓይናችን ጠፋ፣ ልማዱ ግን አልጠፋም። ቢሮውም ይህን አይቶ ለእያንዳንዱ አረጋዊ ግድግዳ ላይ በሚበራ ጨዋታ ውስጥ አንድ የጠፈር መርከብ ሰጠ። ጧት ቁርስ ተበልቶ፣ መድኃኒት ተውጦ ሲያበቃ ሕንፃው በሙሉ ይዘምታል። ኮሪደሩ ላይ ብትቆሙ ከየበሩ ሥር የመድፍ ድምፅ በቀስታ ይሰማል፤ አልፎ አልፎ የባልቴት ሳቅ።

ጦርነቱ ላይ ሰው ብቻውን አይዋጋም። ከጎኑ ወገን መርከቦች አሉ። ያወራሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ትናንት ጉልበቴን አሞኝ ከነበረ ዛሬ «ጉልበትሽ እንዴት አደረ?» ይላሉ። ቢሮው ጠላት ስንት እንደተገደለ አይመለከትም። የሚመለከተው ወገኖቻችንን እንዴት እንደያዝናቸው ነው። እንደ ሥጋ ዘመድ ከያዝናቸው መብራቷ አረንጓዴ ትሆናለች።

የእኔ ደብሪቱ እንጀራዋ እነዚህን ወገኖች መሥራት ነው።

ለሥራዋ ከክፍሏ አትወጣም። ጧት ትገባለች፤ ምሳዋን በሳህን ይዛ ተመልሳ ትገባለች፤ ሳህኑ ሲመሽ ይወጣል፣ ግማሹ እንዳለ። በበሩ ስንጥቅ አያታለሁ። አንድ እጇ ሳህኑ ላይ፣ ሌላው እጇ አየር ላይ መርከብ እያዞረ። የምትጎርሰውን አታየውም። ዛሬ ምስር ይሁን ሽሮ ብትጠየቅ አታውቅም።

ባለፈው በልግ አንድ ቀን ሳሎን ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ደስ አለኝ።

«እምዬ፣ እስቲ ዓይንሽን አውሺኝ» አለች።

«ምን ያደርግልሻል? አሮጌ ነው።»

«አሮጌነቱን ነው የፈለግኩት።»

ግድግዳውን አበራችው። ጥቁር ሰማይ ሆነ፣ መርከቦቹም እንደ ፈሰሰ ምስር ተበተኑበት። በእያንዳንዱ መርከብ ዙሪያ ቀለም ያለው ክብ መስመር አለ። የማን ወገን እንደሆነ የሚናገር ምልክት ነው።

«ይሄ ምንድን ነው? ወገን ነው ጠላት?» አለችኝ።

«ወገን።»

«ይሄኛውስ?»

«እሱም ወገን።»

«እምዬ፣ እሱ አሁን ገደለሽ።»

«እንዴት? አረንጓዴ አይደለም እንዴ?»

«ሰማያዊ ነው።»

የዓይን ሞራዬ ከአንዴም ሁለቴ ተገፎልኛል፤ ተመልሶ ይመጣል። ሞራ ላለበት ዓይን ሰማያዊና አረንጓዴ መንታ ናቸው። ደብሪቱ ይህን ስትሰማ አልተበሳጨችም፤ እንዲያውም ፊቷ በራ። የቢሮው ወገኖች ሁሉ አረንጓዴ ክብ ነበራቸው፤ ስንቱ ሽማግሌ ወገኑ ላይ ሲተኩስ እንደኖረ አስቡት። ሌላ ቀለም መሞከር ጀመረች። ነጩ ከከዋክብቱ ጋር ተምታታብኝ። ወይን ጠጁ ጠቆረብኝ። ቀዩም የሌላ ጠላት ነው፣ አይነካም። ቢጫው ከፀሐዮቹ ብርሃን ጋር ተዋሐደ።

«ታዲያ የሚታይሽ የቱ ነው?» አለች በመጨረሻ።

«ወይባ» አልኳት።

«ወይባ ምንድን ነው?»

«የመነኩሴ ልብስ ቀለም ነዋ። ቢጫም አይደለም፣ ቀይም አይደለም። ብቻ ከሩቅ ስታይው የሚመጣው ሰው እንደማይጎዳሽ ታውቂያለሽ።»

«እንዲህ የሚባል ቀለም ሠንጠረዡ ላይ የለም።»

«እንግዲያ ጨምሪዋ።»

ሳቀች። ትንሽ ቢጫ፣ ትንሽ ቡና ዓይነት፣ ትንሽ ቀይ እያደረገች ቀላቀለች፤ እኔም «ጨምሪ»፣ «ቀንሺ»፣ «አሁን በዛ» እያልኩ ቆየሁ፤ በመጨረሻ ልክ ሆነ። ከዚያ ወገን የሆነው መርከብ ሁሉ ወይባ ክብ አደረገ። ሲቆስል ክቡ በአንድ በኩል ይቆረጣል። ሲሞት ዳለቻ ይሆናል።

«ከሞተ ለምን ዝም ብሎ አይጠፋም?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ድንገት ከጠፋ ሰው የት ሄደ ብሎ ይፈልጋል፣ ይጨነቃል። ዳለቻ ሆኖ ይቆይና ቀስ ብሎ ይጠፋል። እንዲህ ይሻላል።»

በዚያው ቀን ምሳ አብረን በላን። እየበላንም ትጠይቀኝ ነበር።

«እምዬ፣ ጎረቤት ምን ዓይነት ሲሆን ነው ደስ የሚልሽ?»

«የማይቸኩል።»

«ሌላስ?»

«ስጠይቀው ወዲያው የማይመልስ። ቶሎ የሚመልስ ሰው አላምንም።»

«ሌላስ?»

«የሚሳሳት። አልፎ አልፎ። የማይሳሳት ሰው ጋ ሲቀመጡ ወገብ ያማል።»

በጣቷ አየሩ ላይ አንድ ነገር ጫረች። እኔ ጨዋታ ያማራት መስሎኝ ስለ ድሮ ጎረቤቶቼ ስለፈልፍ ዋልኩ። ወጡን ጨርሳ በላች፤ እኔ ያየሁት እሱን ነው።

ክረምቱ ሲገባ አዲስ ወገን መጣልኝ። ሁለት መርከቦች ናቸው፣ ወንድምና እህት። ወንድምየው ጋሽ ሰይድ ይባላል። መርከቡ ሰፊና ዘገምተኛ ነው፤ እንደ ጋሻ ከፊት ሆኖ የሚመጣውን ይቀበላል። እህቱ ዘሃራ ትንሽና ፈጣን ናት፤ ወደፊት ትሮጥና ወሬ ይዛ ትመለሳለች።

«እህቴ ሄመን፣ ከጨረቃዋ ጀርባ ሦስት ጠላት ቆሟል» ትላለች ዘሃራ።

ጋሽ ሰይድ ዝም ይላል። ከዚያ ጉሮሮውን ይጠርጋል። «አንድ ነው።»

«ሦስት ነው አልኩህ እኮ።»

«አንቺ ዶሮ ስትቆጥሪም እንዲሁ ነበርሽ። እናታችን ሁለት ዶሮ ነበራት፤ አንቺ ለጎረቤት አምስት ብለሽ ነገርሻቸው፣ እንቁላል ሊበደሩ መጡ።»

«ጋሽ ሰይድ፣ ታዲያ እንሂድ ወይስ ምን ይሻላል?» እላለሁ እኔ።

«ቆይ እስቲ። የሚጠብቀን ጠላት አይደል? ይጠብቅ።»

በሳቅ እንባዬ መጣ። ሰው ካሳቀኝ ቆይቶ ነበር። የጋሽ ሰይድ ጋሻ በግራ በኩል ይሳሳል፤ ስለዚህ እኔ በግራው መሆን አለብኝ። ቀኑን ሙሉ በግራው ስሄድ እውላለሁ። ለደብሪቱ ይህን ስነግራት «ሆን ብዬ ነው» አለችኝ። «ወገን ምንም የማይጎድለው ከሆነ ተጫዋቹ ትርፍ የሆነ ይመስለዋል። ትንሽ ሊፈልግሽ ይገባል።» እሷ ይህን ስትል እኔ ግማሹ የቀረውን ሳህኗን ነበር የማየው።

በዚያ ሳምንት የበራችን መብራት ከቀይ ወደ ቢጫ ዞረች። ደብሪቱ ቆሻሻ ልትደፋ ወጥታ ስትመለስ ደጃፉ ላይ ቆማ ቀና ብላ አየቻት። ቆሻሻ መድፊያውን እንደያዘች ቆየች። ከዚያ ወደ ክፍሏ ገባች።

ሶልያና ፊት ለፊታችን ናት የምትኖረው። ከእኔ በዕድሜ ትንሽ ታንሳለች፤ ምላሷ ግን ከሁላችንም ይበልጣል። የእሷ በር አረንጓዴ ከሆነ ከርሟል። ሊፍት ስጠብቅ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«ቢጫ ሆንሽ አሉ» አለችኝ።

«መሰለኝ።»

«እንኳን ደስ ያለሽ ልበል ወይስ ልተወው?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«የእኔ አረንጓዴ የሆነች ዕለት ይርጋ ሻንጣው ተዘጋጅቶ ነበር። ልጄን ማለቴ ነው። በመጀመሪያ በየቀኑ ይደውል ነበር። አሁን በዓል ሲመጣ ነው። ሳይደውል ሲቀር መርከቦቼ ‹ይርጋ አልደወለም እንዴ?› ይሉኛል። እንዲያው ከይርጋ ይልቅ እነሱ ናቸው ስለ ይርጋ የሚያስቡት።»

«ደብሪቱ የትም አትሄድም።»

ሶልያና አየችኝና ነጠላዋን አስተካከለች። «ሐዋሳ ቦታ ይዘውላት የለም እንዴ? ወገን ሠሪዎቹ ሁሉ አንድ ግቢ ውስጥ ነው የሚኖሩት አሉ። እንቁጣጣሽ ሳይገባ ካልደረሰች ለሌላ ይሰጡታል። ሕንፃው ሁሉ ያውቃል፤ አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽው።»

 ሊፍቱ መጥቶ ተከፈተ፣ ሁለታችንም ሳንገባ ተዘጋ።

«ስሚኝ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «መጨረሻ ላይ የሚፈትኑሽ በአንድ ነገር ነው። ድል እጅሽ ሊገባ ሲል አንዱን ወገንሽን ይመቱብሻል። ለእሱ ብለሽ ከተመለስሽ አለቀ፣ አረንጓዴ ነሽ። ጥለሽው እለፊ። ድሉን ከያዝሽ ፈተናው ያልቃል።»

«አንቺ ተመልሰሽ ነበር?»

«እኔማ ምን አውቄ?» አለች። «ተመለስኩ።»

ቤት ገብቼ ደብሪቱን ልጠይቃት አፌ ድረስ መጣ። አልጠየቅኩም። ያልነገረችኝን ነገር ብጠይቃት ወይ ትዋሻለች ወይ ታለቅሳለች፤ ሁለቱንም አልወድም። በሯ ገርበብ ብሎ ነበር። ቆሜ አየሁ።

ግድግዳዋ ላይ ሐዋሳ ነበረች። ረጅም ጠረጴዛ፣ ዙሪያውን ወጣቶች፣ መሃሉ ላይ አንድ ሰፊ ትሪ። እየተጋፉ ይበላሉ፣ ባንድ ጊዜ ነው የሚያወሩት። አንዲት ጠጉሯን የተላጨች ልጅ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለችና ወደ ደብሪቱ ዘረጋች። «ደብሪቱ፣ ይሄ ያንቺ ነው፣ ክፈቺ» አለች። የእኔ ልጅ አፏን ከፈተች። ሁሉም ሳቁ። ልጅቷም ጉርሻውን መልሳ ራሷ ጎረሰችው፣ እያኘከች «ይጣፍጣል» አለች። ደብሪቱም ሳቀች።

ከዚያ ግድግዳው ጠፋ። ደብሪቱ ሳህኗን ስባ እጇን ዘረጋች። እጇ ምግቡ ላይ ደርሶ ቆመ። ምንም ሳያነሳ ተመለሰ።

ይህን አይቼ ምን እንዳሰብኩ ልናገር። «ትሂድ» አላልኩም። ያሰብኩት ስትታመም ማን ያውቅላታል የሚለውን ነው። ትራሷ ከፍ ካላለ ሌሊቱን ስትገላበጥ እንደምታነጋ ለማን ትነግራለች? ያቺ የተላጨች ልጅ ታውቅላታለች? ስቀው አብረዋት የሚበሉ ሰዎች የታመመ ሰው አጠገብ እንዴት እንደሚቀመጡ አይታወቅም። እናቷን ቀብሬያለሁ፤ እሷን ለማላውቃቸው ሰዎች አልሰጥም። የመጣው ቢመጣ ለተመታ ወገን አልመለስም ብዬ ቆረጥኩ።

ፈተናው የመጣው ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ነው። ደብሪቱ ቁርሷን ሳትበላ ከክፍሏ ወጣች።

«ዛሬ አጠገብሽ ልቀመጥ?»

«ቤትሽ ነው፣ ተቀመጪ።»

ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ ተቀመጠች። ገና ሕፃን ሳለች እንደዚያ ነበር የምትቀመጠው። ሰማዩ ተከፈተ። የዕለቱ ዘመቻ የጠላትን ጣቢያ መያዝ ነው። ዘሃራ ቀድማ ሄዳ ተመለሰች።

«መንገዱ ባዶ ነው» አለች። ይህን ያህል አሳጥራ ተናግራ አታውቅም።

ጋሽ ሰይድ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንድ አለ» አለ።

ያ አንዱ ከጀርባ ነበር። የመታውም በግራ በኩል ነው። እኔ በዚያ ቀን በግራው አልነበርኩም፤ ሆን ብዬ በቀኙ ነበር የተጓዝኩት። የጋሽ ሰይድ ወይባ ክብ ሲቆረጥ አየሁ።

«እህቴ ሄመን» አለ፤ አልጮኸም፤ «ክቤ ተቆረጠ መሰለኝ።»

የጠላት ጣቢያ ፊት ለፊቴ ነው። መንገዱ ክፍት ነው። ደብሪቱ አጠገቤ ትንፋሿ አይሰማም። መሪውን ወደ ኋላ ለማዞር እጄ ራሱ ተንቀሳቀሰ፤ በሌላኛው እጄ ያዝኩት።

«እህቴ ሄመን» አለች ዘሃራም። 

አለፍኩ።

ጣቢያው ተያዘ። ሰማዩ በብርሃን ተሞላ፣ መለከት ተነፋ፣ አንድ የማላውቀው ድምፅ ጀግና አለኝ። ወደ ኋላ ስዞር የጋሽ ሰይድ ክብ ዳለቻ ሆኗል።

«ጎበዝ ነሽ እምዬ» አለች ደብሪቱ። ተነስታ ጉልበቴ ላይ የነበረውን ጋቢ አስተካከለችልኝ። ደጃፉን ከፍታ ወደ ላይ አየች፣ ዘጋችው። ቢጫ ነበር። መታጠቢያ ቤት ገባች፤ ውሃው ሲፈስ፣ ሲፈስ ቆየ። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የፈለግኩት ሆነ እንግዲህ። ልጄ ቤቴ ናት። እንቁጣጣሽ ሲመጣ ያ ቦታ ለሌላ ይሰጣል፤ እሷም እዚሁ፣ ዓይኔ ሥር ትሆናለች። እራት ስናቀርብ አብራኝ ተቀመጠች። ጨው ስጠይቃት አቀበለችኝ። እኔ ግን ግማሹን ሳልጨርስ ሳህኔን ገፋሁት።

መርከብ ብርሃን መሆኑን አውቃለሁ። ጅል አይደለሁም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ጋሽ ሰይድ የሚባል ሰው እንዳልነበረ፣ ያን ጉሮሮ የጠረገችለት የእኔው ልጅ መሆኗንም አውቃለሁ። ሆኖም ዘሃራ ብቻዋን ቀርታለች፤ ያን ጊዜ አልፌያት የሄድኩት እኔ ነኝ። በእኛ አገር ሰው ከጎረቤቱ ተጣልቶ ዓመት ሳይነጋገር ይቆያል፤ በዚያ ቤት ሞት ሲገባ ግን ኩርፊያውን ደጅ ትቶ ይገባል። እስላም ነው ክርስቲያን አይባልም። ለቅሶ ካልደረሱ በኋላ ምንም ቢያደርጉ አይጠገንም። ፈተናው ደግሞ አልቋል። ድሉ ሲያዝ ያልቃል ብላኛለች ሶልያና። ከእንግዲህ ማንም የሚያየኝ የለም አልኩ።

ሲነጋ ነጠላዬን አዘቀዘቅኩ። ጫማዬን አወለቅኩ። ሶፋው ላይ ሆኖ ለቅሶ አይደረስምና ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፌ ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ ተንቋቋ። ግድግዳውን አበራሁት።

ዘመቻ አልነበረም። ሰማዩ ጸጥ ብሏል። የዘሃራ መርከብ ብቻዋን ቆማለች፣ ወይባ ክቧ አለ። አጠገቧ የጋሽ ሰይድ ዳለቻ ክብ ገና አልጠፋም።

«ዘሃራ» አልኩ።

«እህቴ ሄመን፤ መጣሽ?»

«መጣሁ። አላህ ሶብሩን ይስጥሽ።»

«አሚን።»

ዝም ተባባልን። ለቅሶ ቤት ዝም ማለት ያለ ነው፣ አያሳፍርም። ደብሪቱ ይህን ዝምታ ከየት አግኝታ እንደሰጠቻት አላውቅም፤ ሰጥታታለች ግን።

«ትናንት አልፌ ሄድኩ» አልኩ።

«አይቻለሁ።»

«አልተመለስኩም።»

«አሁን መጥተሽ የለ?» አለች። «የዘገየ ሰው ይመጣል። ያልመጣው ነው የማይመጣው።»

ያኔ አለቀስኩ። ለማን እንዳለቀስኩ እኔ እንጃ። አንዴ ከተጀመረ ደግሞ የራስ ሙታን ሁሉ ተራ ይጠብቃሉ፤ ልጄም፣ የደብሪቱ እናት፣ መጣች፣ እናቴም መጣች። በነጠላዬ ጫፍ ፊቴን ጠረግኩ። ሐዘንተኛ ዝም ብሎ አይተውም፤ ስለ ሞተው እንዲያወራ ይጠየቃል።

«ሰይድ ምን ይወድ ነበር?» አልኳት።

ዘሃራ ወዲያው አልመለሰችም። «ሻይ ሲጠጣ ስኳሩን አያማስለውም ነበር» አለች። «ጠጥቶ ጠጥቶ መጨረሻ ላይ በጣቱ ይልሰዋል። እናታችን ትቆጣዋለች። ሽበት አውጥቶም አልተወውም።»

ሳቅኩ፣ እያለቀስኩ። በዚያው ቅጽበት ከደጃፉ በኩል አንዲት ቀጭን ድምፅ ተሰማች፣ መብራቷ ስትዞር የምታሰማት። የደብሪቱ ክፍል ተከፈተ። ከጀርባዬ አለፈች፤ ደጃፉን ከፈተች። ዞር ብዬ ባላይም ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ተረጭቶ ነበር። በእኔ ዓይን አረንጓዴም ሰማያዊም አንድ ነው፤ የቱ እንደሆነ ግን የሚነግረኝ አላስፈለገኝም።

ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ሻንጣ ለመዝጋት የሚፈጀውን ያህል እንኳ አልቆየችም፤ ተዘግቶ የነበረ ሻንጣ ነው። ኮቷን ለብሳ ወጥታ ኋላዬ ቆመች። ግድግዳው ጥቁር ስለሆነ እንደ መስታወት አሳየኝ፤ ከመርከቦቹ መሃል ቆማለች፣ በዙሪያዋ ምንም ክብ የለም።

ለቅሶውን አቋርጬ ብነሳ ደብሪቱ ባቡር ጣቢያው ሳትደርስ መብራቷ ወደ ቢጫ እንደምትመለስ ዐወቅኩ። መነሳት ብቻ ነው። ስሟን መጥራት እንኳ አያስፈልግም። እጄን ወለሉ ላይ ተጫንኩ፣ ጉልበቴን አዘጋጀሁ። በግድግዳው ውስጥ ፊቷን አየሁት። እጄን ነው የምታየው። ከልጅነቷ ጀምሮ ሲርባት የሚታየው ፊት ነበር፤ ለምኖ የማያውቅ ፊት።

እጄን ከወለሉ አንስቼ ጭኔ ላይ መለስኩት።

«ሌላስ?» አልኩ ወደ ዘሃራ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው፣ ከኋላዬ እንዲሰማ። «ሌላስ ምን ይወድ ነበር? ሁሉንም ንገሪኝ፣ አልቸኩልም።»

ዘሃራም ስለ ወንድሟ ታወራ ጀመር፤ ጠዋት ጠዋት እንዴት እንደሚያንጎራጉር፣ ዝናብ ሲመጣ ደጅ ወጥቶ እንዴት እንደሚቆም። ደብሪቱ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች። በአንድ እጇ ጫማዋን፣ በሌላው ሻንጣዋን አንጠልጥላ፣ መንኮራኩሩ ወለሉን እንዳይነካ ከፍ አድርጋ፣ በባዶ እግሯ በጎኔ አልፋ ከቤት ወጣች።